ለልጄ የስድስት ሳምንቱ ክትባት ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ በምርመራ ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) እንዳለብኝ ተነግሮኛል። ልጄ በስድስት ሳምንቱ ሲከተብ ይበቃዋል?

መልስ፦ እህታችን፣ አይበቃውም። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በአብዛኛው የሚተላለፈው በወሊድ ጊዜ ሲሆን፣ ያኔ ከተያዙ ሕፃናት ከ100ው 90 ያህሉ በሽታው ሥር ሰዶባቸው ለጉበት ጠባሳና ለካንሰር ተጋልጠው ስለሚያድጉ፣ የመጀመሪያው ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ጭኑ ላይ መሰጠት አለበት። ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለው፣ ቫይረሱን የሚከላከሉ ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካላትን የያዘ መድኃኒት ከተገኘ በ12 ሰዓት ውስጥ በሌላኛው ጭኑ ይወጋል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ክትባቱ እያለ የእናትየዋ ውጤት ማዋለጃ ክፍል ሳይደርስ የሚያመልጣቸው ሕፃናት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ የምርመራ ወረቀትዎን ዛሬውኑ ከሕፃኑ ልብስ ጋር ያስቀምጡና ለአዋላጇ በእጅዎ ይስጡ። ቀጣዮቹን ክትባቶች ከጨረሰ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወሩ ባለው ጊዜ ደሙ ይመርመር። ጡትዎን ግን ሳይሰጉ ያጥቡት።