የማዕረግ ተመራቂ ያለ ፈተና ይቀጠራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። በአካውንቲንግ በማዕረግ ተመርቄያለሁ። ፊሊፒንስ ውስጥ የማዕረግ ተመራቂ የመንግሥት ሥራ ፈተና አይፈተንም ሲሉ ሰማሁ። እኛስ ጋ? (የፒያሳዋ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! የሰማሽው እውነት ነው። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት አዋጅ የማዕረግ ተመራቂን ከፈተናው ነፃ አድርገዋል። ግን የሚሰጡት የብቁነት ማረጋገጫ ነው፤ ወንበር አይደለም። እሱንም ያመለከተ ነው የሚያገኘው።

እኛ ጋ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትመዘገቢያለሽ፣ ትወዳደሪያለሽ። ማዕረግሽ ከፈተና አያስቀርሽም። ኮምቦልቻ ሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ሜዳሊያውን ይዞ የሚመጣ ነበር። ሜዳሊያ ፋይል ውስጥ አይገባም እኮ! ቴምፖሽን (ጊዜያዊ ዲግሪሽን)፣ ስቱደንት ኮፒሽን (የውጤት ዝርዝርሽን) እና የመውጫ ፈተና ውጤትሽን ዋናውንም ኮፒውንም ያዢ። የተማርሽው መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳሽ ሳይከፈል ዋናው ዲግሪ አይሰጥሽም፤ ስለዚህ ቴምፖውን እንደ ዓይንሽ ጠብቂው። ስምሽ በሁሉም ወረቀት ላይ፣ መታወቂያሽም ላይ ጭምር፣ አንድ ዓይነት መሆኑን እዪ። የአያት ስም ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ስንቱን አመላልሳለች መሰለሽ! ማስታወቂያ ስታነቢ ደግሞ ዓይንሽ መጀመሪያ የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ይረፍ፤ ያንቺ 0 ዓመት የሚለው ነው።