የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ነጥብ የሚሆነው ቱባ ነፊ

ጥያቄ፦ ልጄ በኮሎምበስ ከተማ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው መስከረም የአሜሪካን ፉትቦል ልታሳየኝ ስታዲየም ወሰደችኝ። ጨዋታው ገና ሳይጀመር የተማሪዎቹ ማርሽ ባንድ ሜዳ ገብቶ በሰልፉ «ኦሃዮ» ብሎ ጻፈ፤ በመጨረሻም ቱባ የሚባለውን ትልቅ የናስ መሣሪያ የተሸከመ አንድ ወጣት ብቻውን ወጥቶ እጅ ሲነሣ ያ ሁሉ ሕዝብ ብድግ ብሎ ጮኸ። ልጄም እንባዋ አቀረረ። አንድ ሰው ቱባ ይዞ ስለ ቆመ ይህን ያህል ምን ያስጮኻል? በዚያው ላይ ታናሽ እኅቷ ፍሉት ትጫወታለችና ወደዚህ ባንድ መግባት ትችል እንደሆነ ብትነግሩኝ። (አንዲት እናት፣ ከኦሃዮ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ያዩት ትርኢት «ስክሪፕት ኦሃዮ» ይባላል። የእኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ስለሚቆሙ ነገሩ ለዐይናችን እንግዳ ነው፤ በላቲኑ የእጅ ጽሕፈት ግን ቃሉ ብዕር ሳይነሣ ተያይዞ ይጻፍና ጸሐፊው በመጨረሻ ወደ ኋላ ተመልሶ «አይ» በምትባለው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ይጥላል። ባንዱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድራም ሜጀር የሚባለው የሰልፉ መሪ ከፊት ይሄዳል፤ የቀሩት በእግሩ እየተተኩ፣ አንድ የፈረንሳይ ወታደራዊ ማርሽ እየነፉ፣ በሣሩ ላይ እንደ ቀለም ይፈስሳሉ። ቃሉ ተጽፎ ሲያበቃ የምትጎድለው ያቺ ነጥብ ብቻ ናት፤ ነጥቧም እርስዎ ያዩት ወጣት ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ማርሽ ባንድ ሲባል ትዝ የሚለው ክቡር ዘበኛ ወይም ፖሊስ ነውና፣ ተማሪ እንዲህ ለብሶ መሰለፉ ሊያስገርም ይችላል። ይህኛውም ቢሆን ሥሩ ወታደራዊ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ1862 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በወጣው የአሜሪካ የመሬት ስጦታ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ከእርሻና ከምሕንድስና ጋር ወታደራዊ ትምህርት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። በ1878 ለሠልጣኞቹ ሰልፍ የተመሠረተው አነስተኛ የዋሽንትና የከበሮ ጓድ ነው እያደገ ዛሬ ያዩት ባንድ የሆነው። ደረት ላይ የሚጠላለፈው ነጭ ቀበቶም የዚያ ዘመን ርዝራዥ ነው።

በ1934 የባንዱ መሪ ዩጂን ዋይግል ክላርኔቱንና ፍሉቱን አስወጥተው ባንዱን የናስ መሣሪያና የከበሮ ብቻ አደረጉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 1936 የመጀመሪያው ስክሪፕት ኦሃዮ ታየ። የኦሃዮ ስቴት ዋና ተቀናቃኝ የሆነው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባንድ በ1932 እዚያው ስታዲየም ውስጥ በሰልፉ «ኦሃዮ» ብሎ ጽፎ እንደነበር የሚያነሡ አሉ፤ እውነትም ነው፣ ግን በኮሎምበስ ይህን ጮክ ብለው ባይናገሩት ይሻላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ቃሉን ቀድሞ የጻፈው ማን እንደሆነ አይደለም፤ ነጥቧ እንዴት ክብር እንዳገኘች ነው።

መጀመሪያ ነጥብ የሆነው ጆን ብሩንጋርት የተባለ ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ ያን ቀን ማንም ልብ አላለውም። በተከታዩ ዓመት ግን ዋይግል በልምምድ ላይ ግሌን ጆንሰን የተባለውን ቱባ ነፊ ጠርተው ከጡሩምባ ነፊው ጋር ቦታ እንዲለዋወጥ አዘዙት። ቱባው፣ በትክክለኛ ስሙ ሱዛፎን የሚባለው፣ ከአሥር ኪሎ በላይ የሚመዝንና አፉ ከራስ በላይ የሚከፈት በመሆኑ ከሩቅ ሲታይ እውነተኛ ነጥብ ይመስላል። በ1938 ደግሞ ድራም ሜጀሩ ሙዚቃው ሳያልቅ ቀድሞ ቦታው ደረሰ። ጆንሰን የቀረውን ዜማ ዝም ብሎ ቆሞ ከሚያሳልፈው ብሎ እግሩን ወደ ላይ ወረወረ፣ ዞረ፣ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሣ። ከአንድ ስሕተት ማካካሻ የተወለደው ይህ እንቅስቃሴ ነው ዛሬ ከመቶ ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዘውን ስታዲየም ከወንበሩ የሚያስነሣው።

ልጅዎ ያለቀሰችበት ምክንያት ግን ሌላም ይመስለኛል። ነጥብ የሚሆነው ቢያንስ አራተኛ ዓመቱን በባንዱ የያዘ ቱባ ነፊ ሲሆን፣ ያ ሰው በየዓመቱ ክረምት እንደ አዲስ ተፈትኖ ነው ቦታውን ያስጠበቀው፤ ነባር ነኝ ብሎ መቅረት የለም። ከፈተናው ወዲያም ተጠባባቂዎቹ የተሰላፊውን ቦታ ለመንጠቅ በልምምድ ሳምንቱ ፊት ለፊት ይፎካከሩታል፤ ጉልበት በትክክል መነሣቱ፣ እርምጃ መጠበቁ፣ ዜማው ያለ ወረቀት መነፋቱ ሁሉ ይታያል። አልፎ አልፎ ክብሩ ለእንግዳ ይሰጣል፤ ኮሜዲያኑ ቦብ ሆፕ፣ አሠልጣኙ ዉዲ ሄይስና የጠፈር ተጓዡ ጆን ግሌን ተሰጥቷቸዋል። ቱባ ግን አልተሸከሙም።

ወደ ታናሿ ስንመጣ፣ ሴት ልጆች ከ1973 ጀምሮ በባንዱ ስላሉ በዚያ በኩል አያስቡ። ችግሩ ፍሉቱ ነው፤ በ1934 የወጣ አልተመለሰም። በፍሉቷ መቀጠል ከፈለገች የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ተቀምጠው የሚጫወቱ ባንዶችና ኦርኬስትራ አሉት። ሜዳ ላይ መሰለፍ ከሆነ ምኞቷ ግን ኖታ ማንበቧ ግማሹን መንገድ ያስኬዳታልና፣ ከንፈሯ የናስ አፍን እንዲለምድ ከአሁኑ ትራምፔት ወይም ሜሎፎን ብትጀምር እመክራለሁ። በሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ይዘዋት ከስታዲየሙ አጠገብ ወዳለው ሴንት ጆን አሬና ቀደም ብለው ይግቡ፤ ባንዱ ወደ ሜዳ ከመሄዱ በፊት «ስከል ሴሽን» የሚባለውን የመጨረሻ ልምምዱን በሕዝብ ፊት የሚያደርገው እዚያ ስለሆነ፣ በጣራ ሥር የናሱ ድምፅ ደረት ላይ ሲያርፍ ፍሉቱን ትተው ወይ አትተው እንደሆነ እርሷው ትወስናለች።