«አሳልፋ ሰጠች»፣ «መለሰች» ወይስ «አስረከበች»?

ጥያቄ፦ በሕንድ ውቅያኖስ ስላሉት የቻጎስ ደሴቶች በአማርኛ ሳነብ አንዱ ብሪታኒያ ደሴቶቹን ለሞሪሺየስ «አሳልፋ ሰጠች» ይላል፤ ሌላው «መለሰች»፣ ሌላው ደግሞ «አስረከበች»። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ያውም ሰፊ። ሦስቱም ጥሩ አማርኛ ናቸው፤ ግን ሁለቱ ፍርድ አዝለው ይመጣሉ።

«አሳልፎ ሰጠ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ይሁዳ ነው። ስለዚህ «ቻጎስን አሳልፋ ሰጠች» ያለ ሰው ብሪታኒያን በክህደት እየከሰሰ ነው። ብሪታኒያ ደሴቶቹን ለሞሪሺየስ ለመስጠት ያደረገችውን ስምምነት ለንደን ላይ የሚቃወሙ ሰዎች እንዲህ ቢሉ መብታቸው ነው። ዜና ጸሐፊ ግን ሳያስበው የእነሱ ወገን መሆን የለበትም።

«መለሰች» ወደ ሞሪሺየስ ያደላል፤ የሚመለስ የሰው ነገር ነውና። መሠረት ግን አለው። ብሪታኒያ ደሴቶቹን ከሞሪሺየስ የነጠለችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ሞሪሺየስ ነፃ ከመውጣቷ 3 ዓመት ቀድሞ። በ2019 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ብሪታኒያ አስተዳደሯን በአፋጣኝ ማብቃት አለባት የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። የተመድ ጠቅላላ ጉባኤም በ116 ድጋፍና በ6 ተቃውሞ በስድስት ወር ውስጥ እንድትወጣ ጠየቀ። የአፍሪካ ኅብረትም ከሞሪሺየስ ጎን ቆሞ ተከራክሯል። እዚህ ላይ «ጫናው በረታባት» ቢሉ ልክ ነው። «ፍርድ ቤቱ አስገደዳት» ግን አይባልም፤ የምክር አስተያየት አያስገድድም።

እኔ ለዜና «አስረከበች»ን እመርጣለሁ። አስረካቢና ተረካቢ ቆመው የሚፈጸም ነገር ነው፤ ባለቤቱ ማን ነበር የሚለውን አይፈርድም። ጊዜውን ግን ልብ ይበሉ። በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው መስማማታቸው ብቻ ነበር፤ ውሉ የተፈረመው በግንቦት 2025 ነው። ፊርማ ደግሞ ርክክብ አይደለም፤ ውል መጽደቅ አለበት። የሚረከበውም ሉዓላዊነቱ ነው። ከደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ያለው የብሪታኒያና የአሜሪካ ወታደራዊ ሰፈር በውሉ መሠረት ብሪታኒያ ለሞሪሺየስ ኪራይ እየከፈለች ለ99 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ «ብሪታኒያ የቻጎስን ሉዓላዊነት ለሞሪሺየስ ለማስረከብ ፈረመች» ብለው ይጻፉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ያልጠየቁኝ ቃል ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ደሴተኞቹ ለጦር ሰፈሩ ሲባል ከቦታቸው «ተነሡ» ይላል። «ተነሺ» እኛ ዘንድ ለመንገድ ወይም ለሌላ ልማት ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጥቶት የሚለቅ ሰው ነው። ቻጎሳውያን ላይ የደረሰው ሌላ ነው። እስከ 1973 ድረስ በመርከብ እየተጫኑ ሞሪሺየስና ሲሼልስ ተራገፉ። ውሾቻቸው ተሰብስበው በጭስ ታፍነው ተገደሉ። ይህን «ተነሡ» ማለት በደሉን መሸፈን ነው። «ተባረሩ» ይባል። «ቻጎሳውያን በስምምነቱ ተስማሙ» የሚልም ካጋጠመዎት ያርሙት፤ የተደራደሩት ሁለቱ መንግሥታት ናቸው፣ ብዙ ቻጎሳውያንም ማንም አላማከረንም እያሉ ነው።