ግብር የማይከፈልበት ድልድይ

ጥያቄ፦ «የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ይኖራል። ወደ ሥራው በመኪና ሲሄድ የቴምዝን ወንዝ በሚሻገርበት ድልድይ ላይ 5 ፔንስ እንደሚከፍል፣ ገንዘቡም ለመንግሥት ሳይሆን ለግል ባለቤት እንደሚገባና ባለቤቱም ከዚህ ገቢ ግብር እንደማይጠየቅ ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ። እኛ እዚህ የቦርከናን ወንዝ የምንሻገረው ለማንም ሳንከፍል ነው። ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነት ነው። ድልድዩ ስዊንፎርድ የሚባል፣ ከኦክስፎርድ በስተ ምዕራብ ኤንሻም በተባለች መንደር አጠገብ የሚገኝ የድንጋይ ድልድይ ሲሆን፣ ለትራፊክ የተከፈተው በ1769 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ በፊት መንገደኛው የሚሻገረው በጀልባ ነበር። በጥር 1764 ሜቶዲስት የተባለው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ መሥራች የነበሩት ሰባኪ ጆን ዌስሊ በዚህ ስፍራ ሲያልፉ ጎርፉ ሜዳውን ሸፍኖት ስለነበር፣ የተቀመጡባት ባዝራ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ከፍ ተደርጎ ከተሠራው መንገድ አምልጠው ከውኃው ልትገባ ጥቂት ቀርቷት እንደምንም ተስፈንጥራ ወጥታለች። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛም እዚያው ውኃ ስላስቸገራቸው ድልድይ እንዲሠራ አዘዙ የሚባል ወሬ አለ፤ የአካባቢው ሰው የሚወደው ተረት እንጂ ታሪክ ነው ብለን አንጽፈውም።

የድልድዩ ምስጢር ያለው በ1767 ፓርላማው ባወጣው ሕግ ውስጥ ነው። ፓርላማው ግንባታውን የአካባቢው ባላባት የአቢንግደን ኧርል በራሳቸው ወጪ እንዲያሠሩ ተስማማ፤ በምላሹም ክፍያው ለእሳቸው፣ ለወራሾቻቸውና ከእነሱ ለሚገዛ ሁሉ እንዲሆን፣ ገቢው ከግብር ነፃ እንዲሆን፣ ከድልድዩ ወደ ላይም ወደ ታችም በሦስት ማይል፣ ማለትም ወደ 5 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ውስጥ ሌላ ድልድይ እንዳይሠራ ደነገገ። ልብ ይበሉ፤ የገቢ ግብር የሚባለው ራሱ በእንግሊዝ የታወጀው ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1799 ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ምን ያህል እንደሰጡ እነሱም የሚያውቁት አይመስለንም።

ስምምነቱ የጊዜ ገደብ ስላልተቀመጠለት ድልድዩ እንደማንኛውም ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። ባለቤቱ ግን እንዳሻው ዋጋ መጨመር አይችልም፤ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚህም ምክንያት ክፍያው ዝቅ እንዳለ ቀርቶ፣ 5 ፔንስ፣ ማለትም የአንድ ፓውንድ 20ኛ እጅ ለመቀበል ሲባል መኪናው ጠዋትና ማታ ይሰለፋል፤ ነዋሪውን ያስመረረው ከሳንቲሙ ይልቅ ይህ ሰልፍ ነው።

የእኛ አባቶች ለማለፍ መክፈልን አያውቁትም ነበር እንዳይሉ። ጨውና ሌላ ሸቀጥ በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወደ ወሎ ገበያዎች የሚወጣ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይጠየቅ ነበር፤ የቀረጡ ሹም ነጋድራሱ ነበር። ባለኬላው ግን ለተሻጋሪው ድልድይ ሠርቶለት አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱን ብናነጻጽር ፍርዳችን ለኧርሉ ያደላል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የክፍያ መንገድ፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ የሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት ነውና።

ፓርላማው የድሮውን ሕግ በሌላ ሕግ ከሻረ ክፍያው ሊቀር ይችላል። እስከዚያው የእህትዎ ልጅ ሰልፉ ከሰለቸው በእግሩ ይሻገር፤ እግረኛ መክፈል ያቆመው በ1835 ነው፤ ባለ ብስክሌትም አይጠየቅም።