ሲዲ14 የታየባቸው ቲ-ሴሎች

ጠያቂያችን የልጆች አርትራይተስ በሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ። ከታማሚ ልጆች ጉልበት የተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ሴሎች፣ ሲዲ3ን (ቲ-ሴል የተባለው የነጭ ደም ሴል መለያ ፕሮቲን) በፒኢ-ሳይ7፣ ሲዲ14ን (የሌሎቹ የነጭ ደም ሴሎች፣ የሞኖሳይቶችና የማክሮፋጆች መለያ) በፒኢ፣ ማለትም ከአንቲቦዲ ጋር በተያያዙ አብሪ ማቅለሚያዎች አቅልመው፣ የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን በሌዘር በሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትር ይመረምራሉ። በፓራፎርማልዴሃይድ (ሴሎችን ባሉበት በሚያጸና ኬሚካል) ጸንቶ ባደረው ናሙና ሁለቱንም ምልክት የያዙ ሴሎች በርካታ ናቸው፤ ወዲያው በተነበበው ግን እምብዛም አይታዩም። አዲስ የሴል ዓይነት ይሆን ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

ምልክቱ ናሙናው ካደረ በኋላ መምጣቱ በመጀመሪያ ማቅለሚያውን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ፒኢ-ሳይ7 የተጣመረ ማቅለሚያ ነው፤ ፒኢው ከሌዘሩ የተቀበለውን ኃይል ለሳይ7 ያስተላልፋል፣ ሳይ7ም በ785 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። ብርሃን፣ ሙቀት ወይም ማጽኛው ሳይ7ን ሲጎዳው ፒኢው የሚያስረክብለት ስለሚያጣ ራሱ በ578 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል፤ መሣሪያውም ይህን ብርሃን ሲዲ14 ብሎ ይመዘግበዋል።

ለማረጋገጥ ከልጆች የተገኘውን ጥቂት ናሙና አያባክኑ። የጤነኛ አዋቂ ደም በሲዲ3 ፒኢ-ሳይ7 ብቻ ያቅልሙና ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን አጽንተው በማግሥቱ ያንብቡ፤ በሁለተኛው የፒኢ ብርሃን ከጨመረ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ ሌላ ስሕተትም አለ። ሞኖሳይቶችና ማክሮፋጆች እንደ ሳይ7 ያሉ ማቅለሚያዎችን ያለ አንቲቦዲው ፈቃድ ስለሚይዙ ሲዲ3 ያላቸው ይመስላሉ፤ የኤፍሲ ተቀባዮችን (የአንቲቦዲን ጅራት የሚይዙ የሴል ፕሮቲኖችን) መዝጋት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። የመገጣጠሚያ ፈሳሽ በሂያሉሮኒክ አሲድ የወፈረ በመሆኑም ሴሎች ተጣብቀው እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ከማቅለምዎ በፊት ይህን አሲድ በሚቆራርጠው ኤንዛይም፣ በሂያሉሮኒዴዝ፣ አቅጥነው ያጥልሉት፣ በንባቡም ጥንድ ሴሎችንና የሞቱትን ያስወግዱ። ያልተቀለመው ማነጻጸሪያ ከዚያው ፈሳሽ ይሁን፤ በውስጡ ያሉት ማክሮፋጆች ያለ ማቅለሚያም ስለሚያበሩ የደም ሴል አይተካቸውም።

እኔ ብሆን ሲዲ3ን ከተጣመረ ማቅለሚያ አወጣው ነበር። በቲ-ሴል ላይ በብዛት ስለሚገኝ ፍሎሬሰይን የተባለው ነጠላ ማቅለሚያ ይበቃዋል፤ ደማቁን ፒኢ ደግሞ በሴሉ ላይ በጥቂቱ ለሚገኝ ሌላ ምልክት አስቀምጬ ሲዲ14ን ኤፒሲ በተባለ ሌላ ማቅለሚያ አቀልማለሁ። ፒኢ-ሳይ7 የግድ ከሆነ ከብርሃን ተከልሎ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ፣ በረዶ እስኪሆን ግን አይቀዝቅዝ፤ የኮምፐንሴሽን (አንዱ ማቅለሚያ ወደ ሌላው መለኪያ የሚያፈሰውን ብርሃን በስሌት የመቀነስ) ማነጻጸሪያውም ከዚያው የማቅለሚያ ብልቃጥ ተቀልሞ ከናሙናው ጋር እኩል ይጽና፣ እኩል ይደር።

ቀደም ብለው ከሰበሰቧቸው ፋይሎች መካከል እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ያላቸውን እንደገና ማስላት ይቻላል። በሌሎቹ ግን ሁለቱንም ምልክት የያዙትን ሴሎች በውጤትዎ ውስጥ አይቁጠሯቸው።