ዘሌዋውያን ላይ የቆመው የቤታችን ንባብ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ሴቷ 13፣ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ «በየማታው በቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብ» ብዬ ከዘፍጥረት ጀመርን፤ በቀን ሁለት ሁለት ምዕራፍ። በኒቆዲሞስ ሳምንት ዘሌዋውያን ላይ ስንደርስ ቆመ። ትንሹ ያንቀላፋል፣ ትልቋ ስልኳን ጉልበቷ ሥር ደብቃ ታያለች፣ የማነብበው ለራሴ ብቻ ሆነ። ስለ ኖኅ መርከብ ያነበብን ቀን ብቻ ትንሹ «ዓሣዎቹስ የት ገቡ?» ብሎ አሳቀን፤ ምዕራፉ እንዳያመልጠን ዝም አሰኝቼው ቀጠልኩ። ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት አይገባም። አብረን እናንብብ ስለው «ይሄ የቄስ ሥራ ነው፣ እኔ ደክሞኛል» ይለኛል። አንድ ማታ በቤት ኪራይ ጉዳይ ልጆቹ ፊት ተጯጯህን። ከዚያ መጽሐፉን ሳወጣ ልጄ «አሁን ደግሞ እናንብብ ልትሉን ነው?» ብላ ተነሥታ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲህ መጽሐፉን ከቡፌው ላይ አላወረድኩትም። ምን ላድርግ? ደግሞስ በወር አበባዬ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ መንካት ነውር ነው? ጎረቤቴ «አይነካም» ብላ አስፈራራችኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሳትሸፋፍኚ ስለ ጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የመጨረሻው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ስለ ሆነ ከእሱ ልጀምር። በሥርዓታችን ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ ሥጋውንና ደሙን አትቀበልም። በቤቷ መጸለይ፣ ዳዊት መድገም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ማንበብ ግን አልተከለከለባትም። ጎረቤትሽ አንዱን ከሌላው ቀላቅላው ነው። እናት በየወሩ አምስት ስድስት ቀን ከቃሉ ተለይታ ብትቀመጥ ልጆቹን ማን ሊያስጸልያቸው ነው?

ወደ ንባቡ ስመለስ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ ያደረግሁት ምዕራፍ መቁጠር ነው። ዘፍጥረት 50፣ ዘጸአት 40፤ ሁለት ሁለት ሲባል 45 ማታ። የሰባት ዓመት ሕፃን ይዛችሁ 45 ማታ መዝለቃችሁ እኔን ገርሞኛል። ዘጸአት ውስጥ የድንኳኑ መጋረጃ ርዝመቱ 28 ክንድ፣ ወርዱ 4 ክንድ እየተባለ ሲቆጠር፣ ያውም አንድ ጊዜ ተነግሮ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሥራዬ ማስተማር የሆነው እኔ እንኳ ስንት ጊዜ መስመሩ ጠፍቶብኛል። ቀጥሎ ደግሞ ዘሌዋውያን ይመጣል፤ ስቡ፣ ኩላሊቱ፣ በጉበቱ ላይ ያለው መረብ። ይህ ትርጓሜ የሚሻ መጽሐፍ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ወንበር ዘርግተው፣ ደቀ መዛሙርቱ ከበዋቸው የሚማሩትን፣ አንቺ እራት አብልተሽ የእራቱ ሰሐን ሳይታጠብ ልትወጪው ነበር። ቆምሽ እንጂ አልሰነፍሽም።

አሁን አንድ ቃል ላሳይሽ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6ን ግለጪ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር 7 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።»

ተጫወተው! ልጆቻችን ጨዋታ ሲባሉ ትዝ የሚላቸው ኳስና ስልክ ነው። እኛ ግን «ቡና ላይ ስንጫወት አመሸን» ስንል ስናወራ ማለታችን ነው። ቃሉ የቤት ወሬ ይሁን ነው የተባለው። ወሬ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያወራውም፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያቋርጣል፣ ሕፃኑ ከማይመለከተው ገብቶ ይጠይቃል። አንቺ ስታነብቢ ሌላው ዝም ብሎ የሚሰማበት ግን ጉባኤ ነው፤ ያውም ሰሚው የሚያንቀላፋበት። በእነዚያ 45 ማታዎች ጨዋታው አንድ ጊዜ መጥቶላችሁ ነበር፤ ልጅሽ «ዓሣዎቹስ?» ያለ ጊዜ። አንቺ ደግሞ ምዕራፍ ቆጠርሽበት። አልፈርድብሽም፣ እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት ሰዓት አለቀ እያልን ስንቱን ልጅ አስቀምጠናል። ኦሪት ራሱ ግን የልጅን ጥያቄ አስቀድሞ ይጠብቃል። ዘጸአት 12፥26 ላይ የፋሲካው ሥርዓት ሲታዘዝ፣ ልጆቻችሁ «ይህ አምልኮ ለእናንተ ምንድር ነው?» ባሏችሁ ጊዜ እንዲህ በሏቸው ይላል። ያን ክፍል ዘጸአት ላይ ሳታነቡት አልቀራችሁም፤ በየትኛው ማታ እንዳለፋችሁት እንጃ።

እንግዲህ ምን ይነበብ? በቀን ሁለት ምዕራፉን ተዪውና ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት የምታነብበውን አንብቡ። በግጻዌው፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የንባብ መምሪያ መጽሐፍ፣ ለየእሑዱና ለየበዓሉ የተመደበ ንባብ አለ፦ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ ከዳዊት የሚሰበከው ምስባክ፣ ከዚያም ወንጌሉ። ሁሉንም አላልኩሽም። ወንጌሉን ብቻ፣ ቅዳሜ ማታ። ብዙ ጊዜ ከሁለት ምዕራፍሽ ግማሹን እንኳ አያክልም። ዘንድሮ እናንተ ከዘፍጥረት ወደ ዘጸአት ስትጓዙ ቤተ ክርስቲያን እሑዶቹን በስማቸው እየጠራች ወንጌሉን ታነብላችሁ ነበር። ምኵራብ ላይ ጌታ ሻጭና ለዋጩን ከመቅደስ ሲያስወጣ፣ መጻጉዕ ላይ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ሲያስነሣ፣ ገብርኄር ላይ መክሊቱን የቀበረው ባሪያ ሲጠየቅ። ቅዳሜ ማታ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» የሚለውን የሰማ ሕፃን፣ እሑድ ጠዋት ካህኑ ወንጌሉን ሲያነብ የእናቱን ነጠላ ይጎትታል። «እማዬ፣ የትናንቱ!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ጮክ ስላለ አንዲት እናት አፉን ይዘውት ነበር።

ይህን እኔ አላመጣሁትም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ የዮሐንስን ወንጌል ሲያስተምር ምእመናኑን የለመናቸው ይህንኑ ነው፤ በሰንበት የሚነበበውን የወንጌል ክፍል አስቀድማችሁ በየቤታችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት፣ የገባችሁንና ያልገባችሁን ለይታችሁ ኑ ይላቸው ነበር። «እኔ መነኩሴ አይደለሁም፣ ሚስትና ልጆች አሉኝ» እያሉ ንባቡን ለሌላ የሚተዉትንም ይወቅሳል፤ በየቀኑ በዓለም ውስጥ የሚቆስለው እሱ ስለ ሆነ መድኃኒቱም ከመነኩሴው ይልቅ ለእሱ ያስፈልገዋል ብሎ። የባልሽ «የቄስ ሥራ ነው» እንግዲህ 1,600 ዓመት ያለፈው ሰበብ ነው። እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪው ብቻ።

ስለ እሱ የምለው ይህን ነው። ከንጋት ጀምሮ መሪ ጨብጦ፣ ከተሳፋሪና ከትራፊክ ሲከራከር የዋለ ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ጫማውን ሳያወልቅ «ና ተቀመጥ፣ ይነበባል» ሲባል ሌላ ተቆጣጣሪ የመጣበት ይመስለዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ለቃሉ የማይታዘዙ ባሎች ያለ ትምህርት በሚስቶቻቸው ኑሮ ይገኛሉ ይላል። «ያለ ትምህርት» የሚለውን አስምሪበት። ጢሞቴዎስንም አስቢ፤ አባቱ የግሪክ ሰው እንደ ነበረ ሐዋርያት ሥራ 16 ይነግረናል። ጳውሎስ ግን ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲያነሣ በስም የሚጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን አውቆ አደገ። አንቺ ደግሞ ከኤውንቄ ይልቅ ቀሎልሻል፤ ባልሽ ክርስቲያን ነው፣ የደከመ ክርስቲያን።

ሹፌርነቱን ከተጠቀምሽበት ደግሞ ይረዳሻል። በሐዋርያት ሥራ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ሲያነብ የነበረው መንገድ ላይ፣ በሠረገላ ተቀምጦ ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ነው፤ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ለማለት አላፈረም። ለባልሽም ከንባብ ይልቅ ጥያቄ ስጪው። ጠዋት ሻዩን ሲጠጣ «ልጅህ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፣ መልሱ ጠፋኝ፤ አንተ ምን ትላለህ?» በይው። ረዳቱን ይጠይቀው፣ ተራ ሲጠብቅ ያሰላስለው። ማታ ምን ይዞ እንደሚገባ ታያለሽ። መልሱ ለሁላችሁም ከጠፋ የንስሐ አባታችሁ አሉላችሁ። ንባቡ የቆመበት ሳምንት ስም የወጣለት ኒቆዲሞስም የመጣው በሌሊት ነበር፤ ጌታ መሽቷል አላለውም።

የሴት ልጅሽ ነገር ግን ከንባቡ ሁሉ ይከብዳል። አመፀኛ አትበያት። ማቴዎስ 5፥23ና 24ን አንብቢ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ልጅሽ «አሁን ደግሞ?» ስትል ይህንኑ በራሷ አፍ ነው የተናገረችው። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ሳያዝ ወደ ቁርባኑ አንደርስም። ስለዚህ ከማንኛውም ንባብ በፊት አንቺም አባቷም ይቅርታ ጠይቋት። ለኛ ሰው ይህ ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ጾም ሲገባ ጎረቤትን «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚል አባት ልጁን ግን ይቅርታ መጠየቅ ከወንበሩ መውረድ ይመስለዋል።

እኔም ወርጃለሁ። ከዓመታት በፊት ስለ ትዕግሥት አስተምሬ ቤት ስገባ ወንዱ ልጄ የማስተማሪያ ደብተሬ ላይ ሻይ ደፋበት። የጮኽኩት ጩኸት ለዛሬም ያሳፍረኛል። ብርጭቆውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ባለቤቴ ምንም አልተቆጣችም፣ «ዛሬ ስለ ምን ነበር ያስተማርከው?» ብቻ አለችኝ። በማግስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ደኅና አድርጎ ያናገረኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እድፉ ያረፈው «እናንተም አባቶች ሆይ» በሚለው ኤፌሶን 6፥4 ላይ ነው ብልሽ ታሪኩ ያምር ነበር፤ አይደለም፣ የጉባኤ ተራ የጻፍኩበት ገጽ ላይ ነው። ይህን የምነግርሽ ልጅሽ ይቅርታ ስትጠየቅ በዚያው ማታ አንገትሽ ላይ ትጠመጠማለች ብለሽ እንዳትጠብቂ ነው። የኪራዩን ነገር ደግሞ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተነጋገሩበት። ጠቡ ከጩኸት ያለፈ ከሆነ ግን ዝም ብለሽ አትቻዪው፤ ለንስሐ አባታችሁም ለቤተሰብሽም ተናገሪ።

ስልኳን አትቀሚያት። ግጻዌው በስልክም ይገኛል፤ የቅዳሜውን ወንጌል ፈልጋ የምታወጣው እሷ ትሁን። እምቢ ካለችም አትለማመጪያት፣ ትንሹ እየተንተባተበ ያንብብ። ሳታርመው ዝም ለማለት እህትነቷ አያስችላትም። መጽሐፉንም ከነጨርቁ ከቡፌው አውርጂና ልጁ ወንበር ሳይሳብ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጪው።

የዓሣዎቹ ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። እሱን ቅዳሜ ድረስ አታቆዪው። ዛሬ ማታ ዘፍጥረት 7፥22ን ግለጪለትና ራሱ ያንብበው፦ «በየብስ የነበረው በአፍንጫው የሕይወት ነፍስ እስትንፋስ ያለው ሁሉ ሞተ።» «በየብስ» የሚለው ላይ ጣቱን አስቀምጪለት፤ ቀሪውን እሱ ይደርስበታል። ከዚያ ለአባቱ ራሱ ይንገረው፣ ሦስት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ ካልጣለው።