ምስማር እምቢ ያለው ግድግዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው መስከረም ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤት ገዛሁ። ወረቀቷ እ.ኤ.አ. በ1949 ተሠራች ይላል። የእናቴን ፎቶ ልሰቅል ምስማር ብመታ ምስማሩ ተጣመመ። ለካ ግድግዳው ብረት ነው! ውጪውም ጣሪያውም እንደዚያው። ልጆቼ “ማደያው” ይሏታል። አጎቴ ደግሞ “አሜሪካ ድረስ መጥተሽ ቆርቆሮ ቤት ገዛሽ?” ብሎ ሳቀብኝ። አንድ ኮንትራክተር የውስጡን ላሜራ በሙሉ ነቅዬ በጂፕሰም ልቀይርልሽ ይለኛል። ላስነቅለው? (ግራ የገባት፣ ከኮሎምበስ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታስነቅይው። ሰውየው ቀብድ ካልወሰደ አመስግነሽ ሸኚው።

የገዛሽው ለስትሮን የሚባለውን ቤት ይመስለኛል። ማግኔት ግድግዳው ላይ አስጠጊ። ጥብቅ ካለና ውጪው ግድግዳ በየጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ አራት ማዕዘን ላሜራዎች ከተሸፈነ፣ እሱው ነው። ማሞቂያው ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ቁጥር የተመታበት ትንሽ የብረት ታርጋ ፈልጊ። እንደ መኪና የሻንሲ ቁጥር ቁጠሪው።

ልጆችሽ ማደያ ያሏት እውነታቸውን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደሩ ሲመለስ አሜሪካ ውስጥ ቤት ጠፋ። ካርል ስትራንድሉንድ የሚባል ስዊድን የተወለደ ሰው በ1946 ዋሽንግተን የሄደው ለነዳጅ ማደያ መሥሪያ ብረት እንዲፈቀድለት ነበር። ብረት ያኔ በፈቃድ ነው። ማደያ አይሆንም፣ ቤት ከሠራህበት ግን እንነጋገራለን አሉት። እሱም ማደያ ሊያለብስበት ያሰበውን ላሜራ ለቤት አዋለው። ፋብሪካውም የተከፈተው አንቺው ከተማ፣ የጦር አውሮፕላን ይሠራበት በነበረ ግቢ ነው። መንግሥት ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ አበደረው። 2,500 ገደማ ቤት ሠራና በ1950 ከሰረ።

ምስማሩ ለምን እምቢ እንዳለ ልንገርሽ። ላሜራው ቀለም የተቀባ አይደለም፣ ኢናሜል ነው። እናቶቻችን ቤት የነበረውን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ነጭ የብረት ሳህን አስታውሺ። ብረቱ ላይ የመስታወት ዱቄት ይለበጥና እቶን ውስጥ ቀልጦ ይጣበቃል። ዝናብ አይነካውም፣ ቀለም አይጠይቅም። በሳሙና ውሃ ካጠብሽው ከ70 ዓመት በኋላም ያበራል። ግን ያ ሳህን ሲወድቅ ምን ይሆን ነበር? ጠርዙ ልጥ ይልና ጥቁር ነጥብ ይወጣዋል፤ ነጥቧ ቀስ በቀስ ትዝጋለች። ያንቺም ግድግዳ ጠባዩ ይኸው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት የሰው ቤት አበላሽቼ ነው። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ፎጣ መስቀያ ልገጥም ድሪሌን ይዤ ገባሁ። ጫፉ ተንሸራተተብኝ። ጫን አልኩት። ጠቅ አለና የሃያ አምስት ሳንቲም የምታህል ኢናሜል ወለሉ ላይ ወደቀች። ባለቤትየዋ ጎንበስ ብላ ቅራፊዋን አነሣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም። ሒሳብ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ስለዚህ የእናትሽን ፎቶ በማግኔት ስቀይው። እንዳይቧጭር ከማግኔቱ ጀርባ ስስ ጨርቅ ለጥፊ። መጽሐፍ የሚሸከም መደርደሪያ ካስፈለገሽ መሬት ላይ የሚቆም ግዢ። ምስማሩ የላጠውን ቦታ ዝገቱን በስሱ ጠርገሽ፣ ለፍሪጅና ለልብስ ማጠቢያ መጠገኛ የሚሸጠውን ኢፖክሲ ቀቢው። አንድ ላሜራ ቢጎዳብሽ ደግሞ ኩባንያው የለም፤ መለዋወጫ የሚገኘው ከፈረሱ ለስትሮኖች ነው። ኮንትራክተሩ ነቅሎ ሊጥለው የነበረው፣ ሌላው ባለቤት በመብራት የሚፈልገው ዕቃ ነው።

ቤቷ እንከን የላትም አልልሽም። የመጀመሪያው ማሞቂያዋ ሞቃት አየር ከኮርኒሱ በላይ ነው የሚነፋው። ኮርኒሱ ይግላል፣ አናትሽ ይሞቃል፣ እግርሽ በረዶ ይሆናል። እስካሁን እሱው ካለ ለኮንትራክተሩ ልትከፍይ ያሰብሽውን ገንዘብ እዚያ ላይ አውይው። ስልክሽ ቤት ውስጥ ቢቆራረጥም ኔትወርኩን አትርገሚ፤ ብረት ሣጥን ውስጥ ነሽ። ከእነዚህ ቤቶች ጋር ደግሞ ልብስም ሳህንም የሚያጥብ አንድ ማሽን ይመጣ ነበር። ያንቺን አውጥተው ጥለውት ከሆነ አትዘኝ። ካልሲና ሲኒ በአንድ ገንዳ!

አጎትሽን ደግሞ እንዲህ በይው፦ ከአርሊንግተን የተፈታች አንዲት ለስትሮን በ2008 ኒው ዮርክ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ተገጣጥማ ለሕዝብ ታይታለች። በኋላም ወደ እናንተው ኮሎምበስ፣ ወደ ኦሃዮ የታሪክ ማዕከል ተወስዳለች።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ሌቪታውን፣ ኒው ዮርክ ነው የምኖረው። ሳሎኔ ውስጥ ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይግላል። ድመቷ ከዚያ አትነሣም። በዚያ ላይ የውሃ ሒሳቤ ጨምሯል። ምድር ቤት የለኝም፣ ከሥር ምን እንዳለ ማየት አልቻልኩም።

መልስ፦ አባቴ፣ ድመትዎ ውሃ የሚያፈስሰውን ቦታ ከእኔ ቀድማ አግኝታዋለች። ሌቪት የሚባለው ድርጅት ከ1947 እስከ 1951 እዚያ ከ17,000 በላይ ቤት ሠርቷል። ሥራውን ብዙ ቦታ ከፍሎ፣ አንዱ ሠራተኛ አንድ ነገር ብቻ እየሠራ ከቤት ወደ ቤት ይሄድ ነበር። በቀን እስከ 30 ቤት የጨረሰበት ጊዜ አለ። ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብም ምድር ቤቱን ተወው። ኮንክሪቱን መሬት ላይ አፈሰሰና የማሞቂያውን የመዳብ ቱቦ እዚያው ኮንክሪት ውስጥ ቀበረው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ በባዶ እግር የሚኬድበት ሞቃት ወለል ማን ይጠላል? ችግሩ ወለሉ ትንሽ ሲሰምጥ ወይም ሲሰነጠቅ ቱቦው አብሮ መላወሱ ነው። መዳቡም ውሎ አድሮ ይበላል።

ብርድ ባልጠናበት ቀን ቦይለሩን ያጥፉና ይቀዝቅዝ። ለማሞቂያው ውሃ የሚጨምረውን ቧንቧ ይዝጉ። የግፊት መለኪያውን በስልክዎ ፎቶ ያንሡና በማግስቱ ያወዳድሩ። ከወረደ ውሃው መሬት እየጠጣው ነው። ሲጨርሱ ቧንቧውን መክፈትዎን እንዳይረሱ። ቀዳዳውን ሙቀት በሚያይ ካሜራ ማግኘት ይቻላል። አንዴ ከሆነ ወለሉን ሰብረው ይጠግኑት። ሁለተኛ ካፈሰሰ ግን እንዲተዉት ነው የምመክረው፤ አዲስ መስመር በግድግዳው ሥር ያዘርጉ። ከመስበርዎ በፊት ደግሞ የድሮው ጥቁር የወለል ታይል ካለ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ክር) እንዳለበት ያስመርምሩ።

ሳልል የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የዚያ ሰፈር የመጀመሪያው ውል ከነጭ በቀር ማንም እንዳይኖርበት ይከለክል ነበር፣ ለአሽከርና ለገረድ ካልሆነ። እርስዎና ድመትዎ ሳሎኑ መሃል መቀመጣችሁ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ሊድስ፣ እንግሊዝ ነኝ። የወደድኩትን ቤት ባንኩ “ኤሪ ነው” ብሎ ብድር ከለከለኝ። ኤሪ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰር ኤድዊን ኤሪ የአንተው ከተማ ሰው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጡብም ግንበኛም ሲጠፋ፣ ቀጫጭን የኮንክሪት ኮለኖች ፋብሪካ ውስጥ አስመርቶ፣ እንደ ጣውላ የተደራረቡ የኮንክሪት ሰሌዳዎች በመዳብ ሽቦ አሰረባቸው። የኮለኖቹ ውስጥ ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። በዚህ የተነሣ በ1984 የወጣ ሕግ ኤሪን ጉድለት ካለባቸው ቤቶች ጎራ መደበው። ባንክ የሚቀበለው ኮለኖቹ ወጥተው ውጪው በጡብ ወይም በብሎኬት እንደገና የተሠራና ለዚህም የመሐንዲስ ማረጋገጫ ያለው ሲሆን ነው። ሻጩን ያንን ወረቀት ጠይቀው። “ውጪው ተለስኗል” ካለህ፣ እኔ ወረቀት ነው ያልኩህ በለው።